ቤንዚኑ በየት በኩል ነው የሚገባው? ስለ ጂዲአይ ሞተር ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ጂዲአይ የተጻፈበት መኪና አትግዙ» የሚል ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጂዲአይ ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጭበት ሞተር ነው። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ሰው ገንዘቡን እንዳያጣ ነው ያሰቡት። ካነሷቸው ችግሮች መካከልም እውነት የሆኑ አሉ። ዝም ብሎ ማለፍ ያልተቻለው መፍትሔ ብለው በሰጧቸው ምክሮች ምክንያት ነው። አንዳንዶቹ ሞተር ያበላሻሉ፣ አንዱ ደግሞ የመካኒክ እጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጂዲአይ ያልተፈተነ አዲስ ነገር ነው፤ ቤንዚን የሚጠጣ የናፍጣ ሞተር ነው፤ 200 ባር የሚደርሰው የነዳጅ ግፊቱም ፒስተኑን ይሰነጥቀዋል። ለነጂው የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የተሠራው የጭስ ሕግ ለማለፍ ብቻ ነው። ቫልቮቹ በካርቦን መደፈናቸው አይቀርም፤ መድኃኒቱ በየወሩ ታንክ ውስጥ የኢንጀክተር (የቤንዚን መርጫው) ማጽጃ መጨመር ነው። የመኪናው ኮምፒውተር የነዳጅ ግፊት ቀነሰ የሚል የብልሽት ኮድ ካሳየ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑን መቀየር ነው፤ ኢንጀክተሩንም እንደ ድሮው ፈትቶ፣ በባትሪ እየከፈቱ አጥቦ መመለስ ይቻላል። ጂዲአይ ዘይት ስለሚያቀጥን ወፍራም ዘይት፣ ማለትም 20ደብልዩ-50፣ ሞተሩን ይጠብቃል። በመጨረሻም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነችና አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ሞተር እዚህ በትክክል አይሠራም። ስድስት ነጥብ ነው።

የስድስቱም መልስ የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ከሚገባበት በር። በተለምዶ ኢኤፍአይ በምንለው ሞተር ላይ ኢንጀክተሩ የሚቀመጠው ከሲሊንደሩ ውጭ፣ በአየር ማስገቢያው ጫፍ ላይ ነው። ከ3 እስከ 4 ባር (1 ባር በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል) በሆነ ግፊት ቤንዚኑን በማስገቢያ ቫልቩ ጀርባ ላይ ይረጨዋል፤ ቫልቩ ሲከፈት አየርና ቤንዚን አብረው ይገባሉ። ጂዲአይ ላይ ግን የኢንጀክተሩ አፍ ያለው እሳቱ የሚነድበት ክፍል ውስጥ ነው። በቫልቩ በኩል የሚያልፈው አየር ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ ለብቻው በራሱ በር ይገባል።

ይህ የቦታ ለውጥ መጀመሪያ የሚቀንሰው ጊዜን ነው። በደቂቃ 6,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ10 ሚሊሰከንድ ነው፤ አራቱን ምት ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። የኢኤፍአይ ኢንጀክተር ካስፈለገ ያንን ጊዜ በሙሉ ማለት ይቻላል ሊረጭበት ይችላል፤ ቫልቩ ዝግ ቢሆንም ቤንዚኑ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጂዲአይ በዋናነት ያለው ፒስተኑ አየር እየሳበ የሚወርድበት አንድ ምት ነው፤ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ። በዚያች ቅጽበት ቤንዚኑ መግባት፣ መትነንና ከአየሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ከፍተኛ ግፊት ያስፈለገው ለዚህ ነው። ታንክ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚኑን በ4 እና በ6 ባር መካከል አድርጎ ወደ ሞተሩ ይልካል። ከዚያ ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ፣ ላይ ያለ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ጎን ጉብታ የሚገፋው ባለ አንድ ፒስተን ፓምፕ ይቀበለዋል፤ በብዙ ሞተሮች ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ወደ 50 ባር፣ ጭነት ሲበዛ ወደ 150 እና 200 ባር ያደርሰዋል። በአዳዲሶቹ 350 ባር የሚደርሱ አሉ። ከፓምፑ የወጣው ቤንዚን ኢንጀክተሮቹ ሁሉ በተሰኩበት ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ተራውን ይጠብቃል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «የናፍጣ ሞተር ነው» ማለት ከግፊቱ ተነስቶ የተሰጠ የችኮላ ፍርድ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አፍኖ እስኪግል ይጨምቀዋል፣ ናፍጣውም በዚያ ሙቀት ራሱ ይቀጣጠላል። የዘመኑ የናፍጣ ኢንጀክተር የሚረጭበት ግፊት 1,600፣ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ ነው። ጂዲአይ የሚቀጣጠለው እንደማንኛውም የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ነው። «200 ባር ፒስተኑን ይሰነጥቀዋል» የተባለውም ልክ አይደለም። ያ ግፊት ያለው ቱቦው ውስጥ ነው። በአንድ ምት ወደ ግማሽ ሊትር ሲሊንደር የሚገባው ቤንዚን፣ ተርቦ (አየር አፍኖ የሚያስገባ መሣሪያ) በሌለው ሞተር፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ እንኳ 40 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ይህ ደግሞ እንደ ጭጋግ የደቀቀ ነው።

አዲስነቱንም በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስኤል ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጭ ነበር። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ለገበያ ያበቃው ሚትሱቢሺ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በጋላንት ላይ። ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፦ ያ የመጀመሪያው ትውልድ በጣም በሳሳ ድብልቅ (ቤንዚኑ ባነሰበት) ለመሥራት የተነደፈ ስለነበር ለካርቦንና ለነዳጅ ጥራት ስሱ ነበር። የቶዮታ የዚያን ዘመን ዲ-4 ሞተሮችም፣ ስማቸው በ«ኤፍኤስኢ» የሚያልቀው፣ ከዚሁ ወገን ናቸው። የዛሬዎቹ በአብዛኛው ያንን አካሄድ ትተው በተለመደው የድብልቅ መጠን ነው የሚሠሩት። የ1996ቱን ሞተር ጥፋት ለ2015ቱ ማሸከም ፍርደ ገምድልነት ነው።

እግረ መንገድ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ጽሑፉ ያለ ምክንያት ያስደነገጣቸው ብዙ ሰዎች አሉና። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ የቀድሞዎቹ ኮሮላዎችና ሱዙኪ ዲዛየር ኢንጀክተራቸው ውጭ ነው። ቶዮታ ላይ በሞተሩ ስም መጨረሻ ካለው ሰረዝ በኋላ «ኤስ» የሚለው ፊደል ካለበት (ኤፍኤስኢ፣ ኤፍኬኤስ፣ ኤፍቲኤስ) ቀጥታ ርጭት አለው፤ «ኤፍኢ» ብቻ ከሆነ የለውም። ሂውንዳይና ኪያ ላይ ደግሞ «ኤምፒአይ» ማለት ውጭ፣ «ጂዲአይ» ማለት ውስጥ ነው። በዓይን ለማየት የሞተሩን የላይ ፕላስቲክ ማንሳት ነው፤ ከካምሻፍቱ ጫፍ ላይ በብሎን የታሰረ ፓምፕና ከሱ የሚወጣ ቀጭን የብረት ቱቦ ካለ ጂዲአይ ነው።

«ጥቅም የለውም» ለሚለው በስሌት መመለስ ይቻላል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለመትነን ወደ 350 ኪሎጁል ሙቀት ይፈልጋል። ውጭ ከተረጨ ያንን ሙቀት በብዛት የሚወስደው ከጋለው ቫልቭና ከቱቦው ግድግዳ ነው። ውስጥ ከተረጨ ግን የሚወስደው ከአየሩ ነው። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ስለሚገባ፣ ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ ከአየሩ ቢወሰድ አየሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር በቀላሉ አያንኳኳም፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለጊዜው አይቀጣጠልም፤ ስለዚህ በዚያው ቤንዚን ኮምፕረሽኑን (አየሩ የሚጨመቅበትን መጠን) ከፍ ማድረግ ይቻላል። የሂውንዳይ ባለ 1.6 ሊትር ጋማ ሞተር በኤምፒአይ 10.5 ለ1፣ በጂዲአይ 11 ለ1 ነው። ማዝዳ በስካይአክቲቭ ሞተሩ 13 እና 14 ለ1 ደርሷል። ከዚያ ኮምፕረሽን የሚገኘው ትርፍ ጉልበትም፣ የነዳጅ ቁጠባም ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። በእርግጥ ተርቦ በሌለው መኪና፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው፣ ቁጠባው ብዙ የሚታይ አይደለም። ይህን ለጸሐፊው እንሰጣቸዋለን። «የጭስ ሕግ ለማለፍ ብቻ» የሚለው ግን በራሱ አይቆምም። ቀጥታ ርጭት ከኢኤፍአይ የበለጠ ጥቃቅን ጥቀርሻ ያወጣል፤ ቤንዚኑ ለመትነን ጊዜ ስለሚያጥረውና ከፊሉ የፒስተኑን አናት ስለሚያርስ ነው። አውሮፓ በዩሮ 6 የጭስ ደንቧ ለነዚህ ሞተሮች በኪሎሜትር 600 ቢሊዮን ቅንጣት የሚል ገደብ ያበጀችውና አምራቾችም ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ የጨመሩት በዚህ የተነሳ ነው። ዓላማው ጭስ ማጥራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን መንገድ የሚመርጥ አልነበረም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው እዚህ ነው። ቫልቩ በካርቦን ይደፈናል መባሉ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ጽሑፉ በሙሉ አልነገረንም፤ ምክንያቱ በሙሉ ካልታወቀ ደግሞ መድኃኒቱ ይሳሳታል። ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ያመልጣል። ያ ጋዝ የዘይት ጤዛ ይዞ በፒሲቪ ቫልቭ በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ተመልሶ ይሳባል። ኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ክፍል) ካለው የሚመለሰው ጭስ ጥቀርሻ ይጨምርበታል። ዘይቱ በጋለው የቫልቭ አንገት ላይ ያርፍና ይጋገራል፤ በላዩ ሌላው ይደረባል። ኢኤፍአይ ላይም ይኸው ዘይት ይመጣል፤ ነገር ግን ቤንዚኑ በየጊዜው ቫልቩን ያጥበዋል። ጂዲአይ ላይ አጣቢ የለም።

ታዲያ ታንክ ውስጥ የተጨመረው ማጽጃ የት ይሄዳል? ከቤንዚኑ ጋር በፓምፑ፣ በቱቦው፣ በኢንጀክተሩ አልፎ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ይቃጠላል። ከቫልቩ ጀርባ አንዲት ጠብታ አትደርስም። ጸሐፊው «ቤንዚኑ ቫልቩን ስለማይነካው ነው የሚደፈነው» ብለው ከጻፉ በኋላ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ቤንዚን ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ያዝዛሉ። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ማጽጃው ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ፖሊኢተር አሚን ያለበት ጥሩ ማጽጃ የኢንጀክተሩን አፍና የፒስተኑን አናት ያጸዳል፤ ዘይት ከመቀየሩ በፊት ባለው አንድ ታንክ ቤንዚን ላይ አንድ ጠርሙስ መጨመር ጥቅም አለው። በየወሩ ግን አያስፈልግም፤ ቫልቭ ያጸዳል ብሎ መግዛትም ገንዘብ መጣል ነው። ከዚህ ውጭ የሚሆኑት ሁለቱንም ዓይነት ኢንጀክተር የያዙት ሞተሮች ናቸው፦ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዲ-4ኤስ ያለው፣ ፎርድም ከ2017 ሞዴል ጀምሮ በባለ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ላይ ያደረገው። በነዚህ ላይ የውጭው ኢንጀክተር ቫልቩን ያጥባል። አምራቾቹ ሁለተኛ ኢንጀክተር እስከ መጨመር መሄዳቸው ችግሩ በጠርሙስ የሚፈታ እንዳልሆነ ያሳያል።

የመደፈን ምልክቱ ይታወቃል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቼክ ኢንጂን ይበራል፤ ሲሊንደር በትክክል አለመቀጣጠሉን የሚናገሩ ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ያሉ ኮዶች ይመጣሉ፤ ሲሞቅ ይሻለዋል። ዙር ሲጨምር ጉልበት ያንሰዋል። ነገር ግን ይህንኑ የሚያሳይ ያረጀ ካንዴላና የደከመ ኮይልም (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱ የመጣበትን ሲሊንደር ኮይል ከጎረቤቱ ጋር ማለዋወጥ ነው፤ ኮዱ ከኮይሉ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ካልሄደ ካንዴላውን እንዲሁ ማለዋወጥ። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ በቀጭን ካሜራ በአየር ማስገቢያው በኩል ቫልቩን ማየት ነው። ስስ ጥቁር ሽፋን የተለመደ ነው፣ አይነካም። አንገቱ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የሚወፍር፣ እንደ ፍርፋሪ የተቆለለ ካርቦን ከታየ ማጽዳት ያስፈልጋል። እንደ አነዳዱና እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል እንጂ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ አንዴ ማየት ተገቢ ነው።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። የአየር ማስገቢያው ይወርዳል። ሞተሩ በእጅ እየተሽከረከረ የሚጸዳው ሲሊንደር ሁለቱም ማስገቢያ ቫልቮች ሙሉ በሙሉ የተዘጉበት ቦታ ላይ ይቆማል። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ነው፤ ቫልቩ ትንሽ ክፍት ከሆነ የተፈቀፈቀው ካርቦን ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ይጭራል። ሌሎቹ ቀዳዳዎች በጨርቅ ይደፈናሉ። የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በኮምፕረሰር አየር የሚረጭ መሣሪያ ካለ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ካርቦኑን ያነሳል፣ ብረቱን አይበላም፤ ጎን ለጎን በመምጠጫ ይሳባል። መሣሪያው በሌለበት የካርቦን ማሟሚያ ፈሳሽ ቀዳዳው ውስጥ ሞልቶ ማቆየት፣ በናይለን ወይም በነሐስ ብሩሽ መፈቅፈቅ፣ ፈሳሹን በስሪንጅ መምጠጥ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ እስኪጠራ መደጋገም ነው። አሸዋ ፈጽሞ አይሆንም። ሞተሩ እየሠራ በአየር ማስገቢያው የሚነፋው ስፕሬይ ቀጭኑን ሽፋን ሊያለሰልስ ይችላል፤ ወፍራሙን ግን አያነሳም፣ ተርቦ ያለው ላይ ደግሞ የተሰበረ ፍርፋሪ የተርቦውን ምላጭ ሊመታ ይችላል። ከጸዳ በኋላ ፒሲቪ ቫልቩን ሳይቀይሩ መገጣጠም ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው፤ ዘይቱን ያመጣው እሱ ነውና።

አራተኛው ነጥብ የሚያሳስበን ከሁሉ በላይ ነው። ፒ0087 የሚለው ኮድ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ኮምፒውተሩ ከጠየቀው ያነሰ መሆኑን። ማን እንዳሳነሰው አይናገርም። ውድ የሆነውን ፓምፕ ገዝቶ ቀይሮ ኮዱ ተመልሶ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ታንክ ውስጥ ነውና። ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ያልተሰጠውን ሊጨምቅ አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ዝቅተኛው መስመር ላይ ጌጅ ይገጠማል፤ በጭነትም በሚኒሞም የአምራቹን ልክ፣ በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ባር፣ መያዝ አለበት። ካልያዘ የታንኩ ፊልትሮ፣ የታንኩ ፓምፕ፣ የፓምፑ ሽቦና ፊዩዝ ይታያሉ። ከያዘ በስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ) የተጠየቀውንና የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን እያዩ ነዳጅ መስጫውን ድንገት መርገጥ ነው። ሌሊቱን ባደረ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የግፊት ሴንሰሩ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ የተበላሸው ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ነው ፓምፑ የሚፈታው፤ ሲፈታም ከሥሩ ካምሻፍቱ ላይ የሚቀመጠውን ገፊ ማየት የግድ ነው። በቀድሞው የፎልክስዋገንና የአውዲ 2.0 ሊትር ኤፍኤስአይ እና ቲኤፍኤስአይ ላይ ይህ ገፊ ጠፍጣፋ ነው፤ ላዩ ያለው ጥቁር ሽፋን ሲያልቅ ብረቱ ይበላል፣ ከተበሳ ደግሞ ካምሻፍቱን ይዞ ይጠፋል። በጊዜ ከታየ የሚቀየረው ትንሿ ገፊ ብቻ ናት። ሌላው የሚረሳ ምልክት የዘይት መለኪያው ነው፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ ዘይት የፓምፑ ማኅተም ወይም አንድ ኢንጀክተር ቤንዚን እያሾለከ እንደሆነ ይናገራል።

ስለ ኢንጀክተሩ ጽሑፉ የሰጠው ምክር ግን መታረም ያለበት አደገኛ ምክር ነው። የኢኤፍአይ ኢንጀክተር ሽቦው በአብዛኛው 12 ኦም ገደማ ስለሆነ የባትሪ 12 ቮልት ቢነካው ብዙም አይጎዳም። የጂዲአይ ኢንጀክተር ሽቦ ከ2 ኦም በታች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ወደ 65 ቮልት ለቅጽበት ሰጥቶ ይከፍተዋል፣ ወዲያው ኤሌክትሪኩን ቀንሶ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ባትሪ በቀጥታ ከተያዘበት ያ የሚቀንሰው የለም፤ ሽቦው ይግላል፣ ይቃጠላል። ለምርመራ የራሱ መሣሪያ ያስፈልጋል። የማኅተሙ ነገርም እንዲሁ ነው። የድሮው ላይ ኦሪንግ ነው ያለው፤ ደህና ከሆነ ሊመለስ ይችል ይሆናል። የጂዲአይ ኢንጀክተር ጫፍ ግን እሳቱ ፊት ስለሚቆም የቴፍሎን ቀለበት ነው ያለው። አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ በአዲስ ይቀየራል። አዲሱ በሾጣጣ መሣሪያ ተንሸራትቶ ይገባል፣ ከዚያ በማጥበቂያ ቱቦ ወደ ልኩ ይጠበባል፤ ዘይት ወይም ግሪስ አይቀባም። የሚገባበት የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ቀዳዳ በናይለን ብሩሽ ይጠራል። አሮጌው ቀለበት ከተመለሰ የሚያቃጥል ጋዝ በጎኑ ያልፋል፤ ኢንጀክተሩም የቴስታታው ቀዳዳም ይበላሉ። ከፍተኛ ግፊት የሚያመላልሱት የብረት ቱቦዎችም ብዙ አምራቾች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ እንዲቀየሩ ያዝዛሉ፤ ብሎኖቹም በልክ ቁልፍ ነው የሚጠብቁት።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ ከመፍታት በፊት ያለው ነው። ሞተር ስለጠፋ ግፊቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ቱቦው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። የታንኩን ፓምፕ ፊዩዝ ነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራት፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ በስካነር ግፊቱ መውረዱን አይቶ ማረጋገጥ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፣ መነጽር አድርጎ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ማላላት ነው። በ200 ባር የሚወጣ ቀጭን ርጭት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ብቻ ይታያል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን ቤንዚኑ ሥጋውን ያበላሻል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ማደር ጣት ያስቆርጣል። የሚያሾልክ ቦታ በእጅ አይዳሰስም። በአገራችን ጋራዥ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ይህ ሳይነገራቸው «እንደ ድሮው ፍቱ» መባሉ ልብ ያሳዝናል።

ስለ ዘይቱ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ መጥተዋል። ጂዲአይ ዘይት ያቀጥናል ያሉት ልክ ነው፤ የመኪናው መንገድ አጭር ሲሆንና ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ የሲሊንደሩን ግድግዳ የመታው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። 300 ኤስኤልም በዘመኑ የታወቀበት ችግር ይኸው ነበር፤ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ፓምፑ ሞተሩ እስኪቆም መርጨቱን ስለማያቆም ቤንዚኑ ዘይቱን ያጥበው ነበር። መፍትሔው ግን ዘይቱን ቶሎ መቀየር ነው፤ በከተማ ለሚመላለስ 5,000 ኪሎሜትር ጥሩ ልክ ነው። 20ደብልዩ-50 ለቀጭኑ 5ደብልዩ-30 በተሠራ ሞተር ላይ ጠዋት ቶሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ ዘይት የሚታዘዘውን የካምሻፍት ማስተካከያም ያዘገየዋል።

ተርቦ ባለው ጂዲአይ ላይ ከውፍረቱ የበለጠ የሚያሳስበው የዘይቱ ቅመም ነው። በዝቅተኛ ዙር፣ በ1,500 እና በ2,500 መካከል፣ ሞተሩ ከብዶት ሳለ በፒስተኑ ጠርዝ የተጠራቀመ የዘይትና የቤንዚን ጠብታ ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ ሊቀጣጠል ይችላል። ኤልኤስፒአይ ይሉታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ፒስተን ሊሰነጥቅ ይችላል። በዘይት ውስጥ የሚጨመረው የካልሲየም ማጽጃ ሲበዛ ይህን እንደሚያባብሰው ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 ደግሞ ኤፒአይ ኤስፒ የተባሉት የዘይት ጥራት ደረጃዎች ወጡ። ስለዚህ ጣሳው ላይ የሚፈለገው «ኤስፒ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ዳገት ላይም ማርሽ ሳይቀንሱ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች መርገጥን መተው ነው።

የከፍታው ነገር ረጅም መልስ አይፈልግም። በአዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር፣ ካርቡሬተርም ይሁን ኢኤፍአይ ወይም ጂዲአይ፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ጂዲአይ ለብቻው የሚያጣው የለም። ሴንሰሩ የገባውን አየር ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፓምፑን የሚገፋው ካምሻፍት ስለሆነ የአየሩ መሳሳት አይመለከተውም። ተርቦ ያለው ደግሞ የጎደለውን አየር በብዙው ይተካል።

ጸሐፊው ከከፍታው ይልቅ ነዳጁን ቢያነሱ ኖሮ አብረናቸው እንቆም ነበር። ያን ፓምፕ የሚያለሰልሰው ራሱ ቤንዚኑ ነው፤ በውስጡ ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ነው። ከጄሪካን የተቀዳ፣ ውሃ ወይም አቧራ ያለበት፣ ኬሮሲን የተቀላቀለበት ቤንዚን ኢኤፍአይ ሞተር ታግሶ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ጂዲአይ ግን አይታገስም። ታንኩን ሁልጊዜ ከሩብ በታች ሳያደርሱ መንዳት፣ የታንኩን ፊልትሮ አምራቹ ካለው ቀድሞ መቀየር እዚህ አገር ላይ ዋጋ ያለው ልማድ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ በእጃችን ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ። ጂዲአይ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩን ሌሊት ያደረ ቀዝቃዛ ሞተር እንዲያሳየው ይጠይቅ። ከአስነሱት በኋላ ለሁለት ደቂቃ ሚኒሞውን ያዳምጥ። ትክ ትክ የሚለው የፓምፑና የኢንጀክተሩ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ መንቀጥቀጡ ነው የሚያጠያይቀው። ስካነር ሰክቶ የተጠየቀውና የተገኘው ግፊት በሚኒሞም በጭነትም መቀራረባቸውን ይይ፤ ኮዶቹ በዚያው ጠዋት ተደምስሰው ከሆነ የራስ ምርመራዎቹ «አልተጠናቀቁም» ብለው ያሳብቃሉ። የዘይት መለኪያውን አውጥቶ ያሽትት፣ ከላይኛው ምልክት አልፎም እንደሆነ ይይ። ተርቦ ካለው የትኛው ዘይት ሲሞላበት እንደኖረ ይጠይቅ። ቫልቩን በካሜራ ማየት ከተቻለም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ካርቦን ከተገኘ ቫልቩን ለማጽዳት የሚወጣው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።